ሁሉም ነገር ቬዳ ውስጥ አለ? ኧረ ቀስ እንበል

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ አንድ ረዥም ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰነበተ። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። አንዱ ወዳጄ እንዲያውም "ይሄን አንብብና ከዚያ ስለ ሳይንስ እናወራለን" የሚል ማስፈራሪያ ቢጤ አያይዞበታል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይሄ ነው፦ የሂንዱ ጠቢባን ከሺህ ዓመታት በፊት በተመስጦ የደረሱበትን እውነት ዘመናዊው ፊዚክስ ገና አሁን፣ በስንት መከራና በስንት ወጪ እየደረሰበት ነው።

ጽሑፉ ያምራል። ጸሐፊው የሚወዱትን ነገር እንደጻፉ ያስታውቃል፣ ሰውም የወደደው ለዚሁ ይመስለኛል። ግን ካነሷቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው አይቆሙም። ጥቂቶቹ ደግሞ ግማሽ እውነት ናቸው፤ እነዚህኞቹን ማረም ነው የሚያስቸግረው።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሽሮዲንገርና ሃይዘንበርግ፣ ኦፐንሃይመርና ቴስላም ጭምር፣ ሐሳባቸውን የቀዱት ከቬዳ፣ ማለትም ከጥንቶቹ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ነው ይላሉ። የሂንዱ መጻሕፍት የዓለምን ዕድሜ በቢሊዮን ዓመታት ቆጥረዋል፣ ቁጥሩም ከዛሬው ሳይንስ ጋር ይገጥማል ይላሉ። የብርሃን ፍጥነት ከቬዳዎቹ አንዱ በሆነው በሪግቬዳ ማብራሪያ ውስጥ ተጽፏል፣ አቶምንም ካናዳ የተባለው ጠቢብ ከማንም በፊት አግኝቶታል ባይ ናቸው። ከዚያ ወደ ኳንተም፣ ማለትም ወደ ጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ፣ ይሻገራሉ። ዓለም ማያ፣ ማለትም ምትሃት ናት የሚለውን ትምህርት ቤተ ሙከራ አረጋግጦታል፤ ሁሉም ነገር አንዱ ብራህማን (የሁሉ መሠረት የሆነው አንድ እውነታ) ነው የሚለውን ደግሞ የቅንጣቶች ቁርኝት አሳይቶታል። ማሳረጊያቸው ጄኔቭ በሚገኘው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ፣ በሰርን ግቢ የቆመው የሂንዱው አምላክ የሺቫ ሐውልት ነው። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አምነዋል ለማለት ነው።

ክርክሬ ከሂንዱ እምነት ጋር አይደለም። ኡፓኒሻዶች የሚባሉት የቬዳ ክፍሎች ሰው ስለ ራሱና ስለ ሞት ከጠየቃቸው ጥያቄዎች ጥልቅ የሆኑትን ይዘዋል፣ ያነበበ ያውቃል። የምከራከረው "ፊዚክሱ ቀድሞ እዚያ ነበር" ከሚለው ጋር ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሰዎቹ ልጀምር፣ አንባቢን በይበልጥ የሚያሳምነው የትልልቅ ሰዎች ስም ስለሆነ።

ከኳንተም መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤርቪን ሽሮዲንገር ቬዳንታን፣ ማለትም በኡፓኒሻዶች ላይ የተመሠረተውን የሂንዱ ፍልስፍና፣ ከልቡ ይወድ ነበር። ይሄን አልክድም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ጀርመናዊውን ፈላስፋ ሾፐንሃወርን፣ በእሱም በኩል ኡፓኒሻዶችን ሲያነብ ነበር። በ1925 ስለ ዓለም ያለውን አመለካከት የጻፈበት ድርሰት ቬዳንታ ቬዳንታ ይሸታል። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ1926 መጀመሪያ፣ ዝነኛውን የሞገድ እኩልታ አሳተመ። ጸሐፊው ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ግን እኩልታው ከየት እንደመጣ እኮ ይታወቃል! በ1924 ሉዊ ደ ብሮይ የተባለ ፈረንሳዊ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ኤሌክትሮንም እንደ ብርሃን ሞገድ አለው አለ። አንስታይን ሐሳቡን ወደደው፣ ሽሮዲንገርም በአንስታይን ጽሑፍ በኩል አገኘው። ዙሪክ ላይ ጉዳዩን ለባልደረቦቹ ሲያስረዳ ፒተር ደባይ ሞገድ ካለ የሞገድ እኩልታ መኖር አለበት ብሎ እንደወተወተው ይነገራል። ሽሮዲንገር ሃሚልተን የተባለው አየርላንዳዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠራውን ሒሳብ መነሻ አድርጎ ቀጠለ፣ የደረሰበትንም በሃይድሮጂን አቶም ፈተነው። ሃይድሮጂን የሚፈነጥቃቸው የብርሃን ቀለማት ቀድመው ተለክተው ነበር፣ እኩልታውም ልክ እነሱኑ አወጣ። እዚህ መንገድ ላይ ከኡፓኒሻድ የተወሰደ እርምጃ የቱ ጋ ነው? አይዛክ ኒውተን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትንቢትና ስለ አልኬሚ እጅግ ብዙ ገጽ ጽፎ ሞቷል። የስበት ሕግ ከትንቢተ ዳንኤል ተቀዳ ብሎ የሚጽፍ ግን አላየሁም።

ሃይዘንበርግ ከህንዳዊው ባለቅኔ ከታጎር ጋር ተገናኝቷል፣ ልክ ነው። መቼ? በ1929፣ ካልካታ። የኳንተም ሜካኒክስን መሠረት የጣለው ግን በ1925 ነው፣ ከአበባ ብናኝ አለርጂ ሸሽቶ ሄልጎላንድ የምትባል የሰሜን ባሕር ደሴት በሄደ ጊዜ። በስሙ የሚጠራው የእርግጠኛ አለመሆን መርሕ ደግሞ የ1927 ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ የተደረገ ወግ የሥራው ምንጭ ሊሆን አይችልም። ከወጉ በኋላ እንግዳው ሐሳቡ ትንሽ ቀሎት ይሆናል፣ እሱን አልከለክልም።

የአቶም ቦምቡ ኦፐንሃይመርስ? በርክሌይ ሳለ ከአርተር ራይደር ሳንስክሪት ተምሯል፣ ባጋቫድ ጊታ የሚባለውን የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ በቋንቋው አንብቧል። "አሁን ሞት ሆኛለሁ፣ የዓለማት አጥፊ" የሚለውን ጥቅስ በ1965 ቴሌቪዥን ላይ፣ የ1945ቱን የመጀመሪያ የቦምብ ሙከራ ሲያስታውስ ተናግሮታል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ጊታ ውስጥ አርጁና ጦር ሜዳ ላይ ቆሞ ዘመዶቼን አልገድልም ሲል ክሪሽና ግዴታህን ተወጣ ይለዋል። ኦፐንሃይመር እዚያ የፈለገው ከሠራው ነገር ጋር እንዴት እንደሚኖር ነው። የዩራኒየም መሰንጠቅ የተገኘው በ1938 መጨረሻ በርሊን ውስጥ፣ ሃንና ስትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲደበድቡ ነው። ጊታ ለህሊና እንጂ ለኒውትሮን ቆጠራ አልተጻፈም።

ቴስላ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አለው። ጸሐፊው ስለ አንድ የሂንዱ መነኩሴ ሲያወሩ "ስዋሚ ቪቬካናንዳ ለቴስላ የቁስንና የጉልበትን አንድነት አስተማረው" ይላሉ። ሁለቱ በ1896 ተገናኝተዋል። ቪቬካናንዳም በዚያው ሰሞን በጻፈው ደብዳቤ፣ ቴስላ ቁስና ኃይል ወደ አንድ እንደሚጠቀለሉ በሒሳብ ማሳየት እንደሚችል ያስባል ብሏል። እሰየው። ግን ቴስላ አላሳየም። ያሳየው በ1905 አንስታይን ነው፣ በሌላ መንገድ ሄዶ። ቴስላማ በእርጅናው የአንስታይንን ንድፈ ሐሳብ ሲያጣጥል ነው የኖረው። ስመ ጥር ያደረገው የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሞተር ፈጠራ ደግሞ የ1888 ነው፣ ከስዋሚው ጋር ከመገናኘቱ ከዓመታት በፊት። በኋላ አካሻና ፕራና የሚሉ የሂንዱ ፍልስፍና ቃላትን በጽሑፉ መጠቀሙን እቀበላለሁ። የተጠቀመባቸው ግን ለማሽኑ ሳይሆን ለሐሳቡ ማስዋቢያ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ክፍል ይሄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ነው የምመልሰው።

የሂንዱ ትውፊት ጊዜን በዩጋ፣ ማለትም በዘመናት ይከፍላል፤ የመጨረሻው፣ ካሊ ዩጋ፣ 432,000 ዓመት ነው። አራቱ ዩጋዎች ሲደመሩ 4,320,000 ይሆናሉ። ይሄ በሺህ ሲባዛ አንድ የፈጣሪው አምላክ የብራህማ ቀን፣ ካልፓ የሚባለው፣ 4.32 ቢሊዮን ዓመት ይመጣል። የምድር ዕድሜ ዛሬ በሚታወቀው 4.54 ቢሊዮን ነው። ይቀራረባሉ፣ ያስደነግጣል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርል ሴጋንም በ1980 በቴሌቪዥን የሂንዱ እምነት የጊዜ ስፋት ከዘመናዊው ሳይንስ ጋር እንደሚቀራረብ በአድናቆት ተናግሯል። ሌሎች ሕዝቦች በሺዎች ሲቆጥሩ በቢሊዮን መቁጠር ቀላል ድፍረት አይደለም፣ ይሄን እኔም አደንቃለሁ።

ነገር ግን 4.32 ቢሊዮን የቀኑ ሙሉ ርዝመት ነው፣ ካለፈው ጊዜ ጋር አይምታታ። በሂንዱ አቆጣጠር ቀኑ ገና አልመሸም። ዛሬም የሂንዱ ካህን ሥርዓት ሲጀምር ያለንበትን ጊዜ ይጠራል፦ ሰባተኛው ማንቫንታራ (የካልፓ ክፍል ነው)፣ 28ኛው የዩጋ ዙር፣ ካሊ ዩጋ። ካሊ ዩጋ የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 ነው ይባላል። ይሄ ሁሉ ሲደመር ካልፓው ከጀመረ ያለፈው 1.97 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ ትውፊቱን በራሱ ሒሳብ "ምድር ስንት ዓመቷ ነው?" ብለን ብንጠይቀው መልሱ 1.97 ነው፣ 4.32 አይደለም። ከእጥፍ በላይ ስቷል ማለት ነው። ጸሐፊው ካሉት ቁጥሮች መሃል የሚገጥመውን መርጠው አነሱ፣ የማይገጥመውን ዘለሉት። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ነው፤ ከካልፓም፣ ከካልፓ እጥፍም፣ ከብራህማ ሙሉ ዕድሜም (እሱ 311 ትሪሊዮን ዓመት ነው) አይገጥምም። በቂ ቁጥር የያዘ መጽሐፍ ላይ አንዱ የሆነ ነገር አጠገብ መውደቁ አይቀርም።

432,000 ራሱ የህንድ ብቻ አይደለም። ቤሮሶስ የተባለው የባቢሎን ካህን ከጥፋት ውሃ በፊት የነበሩት ነገሥታት በድምሩ 432,000 ዓመት ነገሡ ብሎ ጽፏል። ባቢሎኖች በ60 ነበር የሚቆጥሩት፣ ቁጥሩም በ60 ሲካፈል ልክ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቁጥር ከሒሳብ ውበት ነው የሚወለደው፣ ድንጋይ ከመለካት አይደለም። የምድር ዕድሜ የታወቀው በድንጋይና በሜትዮራይት ውስጥ ያለው ዩራኒየም ምን ያህሉ ወደ እርሳስ እንደተለወጠ ተለክቶ ነው።

ይሄ ዓይነት ነገር ደግሞ የህንድ ብቻ ችግር አይደለም፣ እኛም ጋ ሞልቷል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ነው፣ እንኮራበታለን፣ ሊኮራበትም ይገባል። ግን "ሄኖክ ውስጥ ሙሉ የሥነ ፈለክ ሳይንስ አለ" የሚሉ ፖስቶችን ስታዩ ሄኖክ ዓመቱን 364 ቀን አድርጎ እንደሚቆጥር አስታውሱ። የራሳችን ባሕረ ሐሳብ እንኳ ይሄን አልተከተለም፣ 365 ቀን ከሩብ ይዞ ነው የሚሄደው። አባቶቻችን መጽሐፉን አክብረው፣ ዘመኑን ግን በሌላ ቀመር ቆጠሩ። ለዚህች ብልሃታቸው ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ስለ ዓለም ዑደት፣ ማለትም ትፈጠራለች፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ትፈጠራለች ስለሚለው፣ በአጭሩ። በ1998 የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ ተገኘ፣ ግኝቱም በ2011 ኖቤል አሸለመ። ይሄ ተመልሳ ትሰበሰባለች የሚለውን ግምት አዳክሞታል። ሮጀር ፔንሮዝን የመሰሉ የዑደት ሞዴል ያቀረቡ ትልልቅ ፊዚሲስቶች መኖራቸው እውነት ነው። ጉዳዩ ክፍት ነው፣ "ተረጋግጧል" የሚባልበት ደረጃ ላይ ግን አልደረሰም።

የብርሃን ፍጥነት። የሪግቬዳ አንድ መዝሙር ፀሐይን ያወድሳል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በቪጃያናጋራ ቤተ መንግሥት የነበረው ሳያና ስለ መዝሙሩ በጻፈው ማብራሪያ፣ ፀሐይ በግማሽ ኒሜሻ 2202 ዮጃና ትጓዛለች የሚል ነገር አለ። ዮጃና የርቀት መለኪያ ነው፣ ኒሜሻ የዓይን ቅጽበት። ጸሐፊው አባዝተው በሰከንድ ወደ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር አገኙ። እውነተኛው የብርሃን ፍጥነት 299,792 ነው። ዋው!

እስቲ እኛም እናባዛ። ኒሜሻን እሳቸው እንደያዙት፣ የሰከንድ 16/75 አድርገን እንቀበል። ዮጃና ግን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? በጥንቱ የህንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ በአርያባታ መጽሐፍ የምድር ውፍረት ከዳር እስከ ዳር 1050 ዮጃና ነው፣ ስለዚህ አንዱ ዮጃና ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሱርያ ሲዳንታ በሚባለው ሌላ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ደግሞ 1600 ዮጃና ነው፣ አንዱ ወደ 8 ይወርዳል። በ8 ስናባዛ የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ ወደ 165 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። በ12 ስናባዛ ወደ 250 ሺህ። 300 ሺህ እንዲመጣ ዮጃናው 14 ተኩል ኪሎ ሜትር መሆን አለበት፤ ጸሐፊውም የመረጡት እሱን ነው። ለምን እሱን? መልሱን አስቀድመው ስለሚያውቁት ነዋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ጥቅሱን ከብርሃን ፍጥነት ጋር ማያያዝ የተጀመረው ፊዚክስ ቁጥሩን ካወቀ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ከዚህ ጋር ኦሌ ሮመርን አነጻጽሩት። በ1676 ፓሪስ ውስጥ የጁፒተር ጨረቃ ኢዮ ከፕላኔቷ ጥላ የምትወጣበት ሰዓት አንዴ ሲዘገይ አንዴ ሲቀድም አየ። ብርሃን ለመምጣት ጊዜ ይወስዳል ብሎ ደመደመ፣ የምድርን ምህዋር ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል አለ። ቁጥሩ ተሳስቶ ነበር፣ ትክክሉ ወደ 17 ደቂቃ ይጠጋል። ግን እንዴት እንዳገኘው አስቀምጦ ስለሄደ ሌሎች ሊያርሙት ቻሉ። የሳያና ቁጥር ልክ ነው እንኳ ብንል፣ ከየት እንደመጣ የሚነግረን መስመር የለም።

አቶምን በተመለከተ ለጸሐፊው ግማሽ ነጥብ እሰጣለሁ። የካናዳ ትምህርት ቤት፣ ቫይሼሺካ የሚባለው፣ ነገር ሁሉ ከማይከፋፈሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተሠርቷል ብሎ በሥርዓት አስተምሯል። የግሪኩን ፈላስፋ ዲሞክሪተስን እየጠቀሱ ካናዳን መዝለል አድልዎ ነው፣ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ነገር ግን የቫይሼሺካ አቶሞች የአፈር፣ የውሃ፣ የእሳትና የአየር ናቸው፣ ዘላለማዊና የማይሰነጠቁ። የእኛዎቹ ይሰነጠቃሉ። ቶምሰን ኤሌክትሮንን በ1897 አወጣው፣ ራዘርፎርድ አስኳሉን በ1911 አገኘው።

ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው የካናዳን አቶምና የቬዳንታን ብራህማን በአንድ ገጽ አስቀምጠው ሁለቱም በፊዚክስ ተረጋገጡ ይላሉ። ሁሉም አንድ ነው የሚለው የአድቫይታ ቬዳንታ ታላቁ መምህር ሻንካራ ግን በብራህማ ሱትራ ማብራሪያው ላይ የቫይሼሺካን አቶም አንድ በአንድ እየተቸ አፍርሶታል! ሁለቱ ጠላትም ባይሆኑ ተከራካሪዎች ነበሩ። አንዱን ፊዚክስ አረጋገጠው ከተባለ ሌላው ምን ሊሆን ነው? ጸሐፊው "የሂንዱ ትምህርት" እያሉ የሚጠሩት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። እርስ በርሳቸው ለዘመናት የተሟገቱ ስድስት የታወቁ የፍልስፍና ትምህርት ቤቶች ናቸው። ቬዳንታ ራሱ ውስጥ እንኳ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ማድቫ ነፍስና አምላክ ለዘላለም ሁለት ናቸው ብሎ ነው ያስተማረው።

ማያና ኳንተም። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ በሁለት ቀዳዳ ሙከራ ኤሌክትሮን ሰው ካላየው ሞገድ ነው፣ ሲያየው ቅንጣት ይሆናል፤ ስለዚህ ዓለም ያለ ንቃተ ህሊና የለችም።

ሰው ምንም አያገባውም። ኤሌክትሮኑ በየትኛው ቀዳዳ እንዳለፈ ለማወቅ በሆነ ነገር መንካት አለብህ፣ በብርሃን ወይ በመሣሪያ። የሞገዱን አሻራ የሚያጠፋው ይሄ ንክኪ ነው፣ ውጤቱን ማንም አነበበው አላነበበው። ቪየና ውስጥ የአንቶን ዛይሊንገር ቡድን በ1999 ስልሳ የካርቦን አቶም ያላቸውን ሞለኪውሎች እንደ ሞገድ ሲያልፉ አሳየ። በኋላ ያው ቡድን የመሰሏቸውን ሞለኪውሎች ይዞ፣ ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ጋዝ ሲለቅ የሞገዱ አሻራ እየደበዘዘ መጣ። ሞለኪውሎቹን በሙቀት አግሎ ራሳቸው ብርሃን መርጨት ሲጀምሩም እንዲሁ ደበዘዘ። በሩን ቆልፎ ቡና ለመጠጣት ቢወጣ ውጤቱ ያው ነው። ጋዝ ደግሞ ንቃተ ህሊና የለውም፣ ቢያንስ እስካሁን አላመለከተም።

የምቀበለውን ልናገር። ዩጂን ዊግነር፣ በ1963 ኖቤል የተሸለመው፣ ንቃተ ህሊና ሚና አለው ብሎ በ1961 ጽፏል። በኋላ ግን ራሱ ሐሳቡን ትቶታል። መለካት ማለት በትክክል ምን እንደሆነ ደግሞ ፊዚሲስቶች ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ያልተፈታ ጥያቄ መኖሩ ግን ደስ ያለንን መልስ እንድናስገባበት ፈቃድ አይሆንም።

ደግሞስ ማያን በደንብ ካየነው ነገሩ ተቃራኒ ነው። የአድቫይታ መምህራን የሚወዱት ምሳሌ የገመዱና የእባቡ ነው። በድንግዝግዝ ገመድ አይተህ እባብ መሰለህ፣ ደነገጥክ፤ ቀርበህ ስታይ እባቡ ጠፋ። ማለትም አጥርቶ መመልከት ምትሃቱን ያጠፋዋል። የጸሐፊው ኳንተም ደግሞ መመልከት ነገሩን ይፈጥረዋል ባይ ነው። እነዚህ ሁለቱ ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ነው የሚሄዱት። በዚያ ላይ ሻንካራ "የውጭ ነገር የለም፣ ያለው አእምሮ ብቻ ነው" ይሉ ከነበሩ የቡድሃ እምነት ፈላስፎች ጋር ተከራክሯል፣ ምሰሶውና ግድግዳው በእውነት ከውጭ ይታዩናል ብሎ። ዛሬ ተነስቶ ይሄን ጽሑፍ ቢያነብ ከእኔ በፊት ምላሽ የሚጽፈው እሱ ነው።

አንድነትና ቁርኝት። ሁለት ቅንጣቶች ተራርቀውም ውጤታቸው የተሳሰረ መሆኑ በእውነት ይደንቃል። ጆን ቤል በ1964 መፈተኛውን አበጀ፣ ክላውዘር፣ አስፔና ዛይሊንገር ፈትነው በ2022 ኖቤል ተጋሩ። ግን ከዚህ ተነስቶ "ሁሉም ከሁሉም ጋር ተሳስሯል" ማለት አይቻልም። እንዲያውም ሒሳቡ የሚለው ሁለት ቅንጣቶች ሙሉ በሙሉ ከተቆራኙ ሦስተኛ ማስገባት አይችሉም ነው። ቅናተኛ ትዳር ነው። በዚያ ላይ ቶሎ ይበጠሳል፤ የኳንተም ኮምፒውተር ሠሪዎች እንቅልፍ የሚያጡት እሱን ጠብቆ ለማቆየት ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ በ1975 ታዋቂ መጽሐፍ የጻፈውን ፍሪትጆፍ ካፕራን እንደ ምስክር ይጠራሉ። ምስክሩ ግን ለእኔ ነው የሚጠቅመው። ካፕራ የምሥራቁን አንድነት ያያያዘው በዋናነት ቡትስትራፕ ከሚባል ንድፈ ሐሳብ ጋር ነበር፦ መሠረታዊ ቅንጣት የሚባል የለም፣ እያንዳንዱ ከሌሎቹ ሁሉ የተሠራ ነው። በ1974 ኅዳር ሁለት የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች አዲስ ቅንጣት አገኙ፣ ከዚያ በኋላ ኳርክ የሚባሉ መሠረታዊ ቅንጣቶች አሉ የሚለው ሐሳብ አሸነፈ፤ ፕሮቶን ከኳርክ ተሠርቷል፣ አለቀ። ቡትስትራፕ ያኔ ተስፋ በተጣለበት መልኩ ቀረ፣ ከሒሳብ ዘዴዎቹ አንዳንዶቹ በኋላ ለሌላ ሥራ ቢመለሱም። ታዲያ ቡትስትራፕ ብራህማንን አረጋግጦ ከነበረ፣ ቡትስትራፕ ሲወድቅ ብራህማንም ወደቀ? አማኝ እንዲህ አይልም፣ ልክም ነው። እምነቱን ለፊዚክስ ያከራየ ሰው ግን ፊዚክስ ቤት በቀየረ ቁጥር ዕቃውን ሊሸከም ነው።

የሰርኑ ሺቫ ብዙ አያቆየንም። ሐውልቱ ሁለት ሜትር ነው፣ በ2004 የተመረቀ፣ የህንድ መንግሥት ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከሰርን ጋር ለነበረው ትብብር ማስታወሻ የሰጠው። የመንግሥት ስጦታ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1959 ለተባበሩት መንግሥታት ሰይፉን ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያደርግ ሰው ሐውልት ሰጥታለች፣ ሐሳቡ ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 2 ነው። ክሩሽቼቭ ኢሳይያስን አመነ ያለ ሰው አለ?

ከጽሑፉ በይበልጥ ያሳዘነኝ የሌለው ነገር ነው። አርያባታ በ499 ምድር በራሷ ላይ ትሽከረከራለች ብሎ ጽፏል፣ ብራህማጉፕታም ተቃውሞታል፣ በሙሉ ልብ የተደረገ ክርክር ነበር። ብራህማጉፕታ ራሱ በ628 የዜሮን የስሌት ሕግ አስቀምጧል። የኬረላው ማዳቫ የፓይን ቁጥር በማያልቅ ድምር ያሰላው አውሮፓውያን እዚህ ስሌት ላይ ከመድረሳቸው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። በ1924 ሳትየንድራ ናት ቦዝ ከዳካ ለአንስታይን ደብዳቤ ላከ፣ ዛሬ የዓለም ቅንጣቶች ግማሹ ወገን ቦዞን የሚባለው በእሱ ስም ነው። ራማን በ1930 ኖቤል ወሰደ። እነዚህ ሰዎች በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ የሉም። የህንድን ሳይንስ ለማክበር ብለው የህንድን ሳይንቲስቶች ረሷቸው። እኛ አገር በንጉሡም በደርግም ዘመን ስንቱ ሒሳብና ፊዚክስ የተማረው ከህንድ መምህራን ነው፣ ቢያንስ እኛ ልንዘነጋው አይገባም ነበር።

ሜግናድ ሳሃ የሚባል ሌላ ህንዳዊ አለ። በ1920 ባወጣው እኩልታ የከዋክብትን ሙቀት ከብርሃናቸው ማንበብ ተቻለ። አንድ ጊዜ ዳካ ውስጥ አንድ ጠበቃ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ሳሃ በወጣትነት ሙቀቱ ስለ ከዋክብቱ አስረዳው። ሰውየው በየመሃሉ "ይሄማ አዲስ አይደለም፣ ሁሉም ቬዳ ውስጥ አለ" ይለዋል። ሳሃ ቬዳ ውስጥ የቱ ጋ ብሎ ጠየቀው። ጠበቃው እኔ ቬዳን አንብቤው አላውቅም፣ ግን እንዳለ አምናለሁ አለው። ሳሃ ከዚያ በኋላ ያቺን "ሁሉም ቬዳ ውስጥ አለ" የምትል አባባል ዕድሜ ልኩን እየጠቀሰ ሲቀልድባት ኖሯል።

ጸሐፊው ክፍል ሁለት እንደሚያስከትሉ ቃል ገብተዋል። እባክዎ አንድ ነገር ይጨምሩልን። ጨለማ ቁስ የሚባል ነገር አለ፤ ከምናየው ቁስ አምስት እጥፍ ገደማ ነው፣ ጋላክሲዎችን ይዞ ያቆማል፣ ከምን እንደተሠራ ግን እስካሁን ማንም አያውቅም። ሰዎች መሬት ውስጥ ጠልቀው በዜኖን በተሞላ ጋን እየጠበቁት ነው። የትኛው ሱክታ (የቬዳ መዝሙር)፣ የትኛው ቁጥር ላይ እንደተጻፈና የቅንጣቱ ክብደት ስንት እንደሆነ ከመገኘቱ በፊት ይጻፉልን፣ ዮጃናውንም አስቀድመው ይቁረጡ። ከተገኘ ጽሑፉን መጀመሪያ ሼር የማደርገው እኔ ነኝ።